የጋዝ ፋብሪካ አደጋ ከኦፕሬተሩ አይጀምርም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጋዝ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች ደህንነትና አመራር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። እኔም ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ቅን ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ሠራተኛ በሰላም ገብቶ በሰላም እንዲወጣ ይፈልጋሉ። ያመለከቱት መንገድ ግን ወደዚያ አያደርስም። እንዲያውም አንዱ ምክራቸው እንደተጻፈ ሥራ ላይ ከዋለ ሰው ያስገድላል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ከ10 አደጋ 9ኙ የሚደርሰው በሠራተኛ ስህተት ስለሆነ ዋናው መፍትሔ ሥልጠናና ቅጣት ነው። የፋብሪካ ደህንነት የሚለካው ጉዳት ሳይደርስ ባለፉት ቀናት ቁጥር ነው። ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት ያለውና ኦዲት ያለፈ ፋብሪካ ሊያሳስበን አይገባም። መሪ በሳምንት አንድ ቀን ግቢ ውስጥ መታየት አለበት። ከባድ ፍንዳታ እንደ መብረቅ ነው፣ ማንም ሊተነብየው አይችልም። በመጨረሻም፣ ፋብሪካ የማቆም ሥልጣን ለበላይ ኃላፊ ብቻ ይሰጥ ይላሉ። በየተራ አያቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከ10 9ኙ የሠራተኛ ስህተት ነው» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጸሐፊው አልነገሩንም። የአባባሉ ሥር ግን የታወቀ ነው። በ1931 ኸርበርት ሃይንሪች የተባለ አሜሪካዊ የኢንሹራንስ ባለሙያ፣ ከሥራ አደጋዎች 88 በመቶ የሚሆኑት ጥንቃቄ ከጎደለው የሰው ድርጊት የሚመጡ ናቸው ብሎ ጻፈ። የተጠቀመበት መረጃ የኢንሹራንስ ካሳ ፋይሎችና የፋብሪካ ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በእንዲህ ዓይነት መዝገብ ላይ «ጥገናውን ያዘገየሁት እኔ ነኝ» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ ብዙ አይገኝም። የሚጻፈው ለመጨረሻ ጊዜ ቫልቩን የነካው ሰው ስም ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ሁሉም እየተቀባበለ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አደረገው።

የዚህ አስተሳሰብ ጉዳቱ ምን እንደሆነ ለማየት ከሎንግፎርድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሎንግፎርድ በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት የሚገኝ የኤሶ ኩባንያ የጋዝ ማቀነባበሪያ ነው። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1998 ጠዋት፣ ሙቅ ዘይት የሚያዘዋውሩት ፓምፖች ቆሙ። ለሰዓታት መልሶ ማስነሳት አልተቻለም። ሙቀት የሚሰጠው ዘይት ሲቋረጥ ሌላው የሥርዓቱ ክፍል መቀዝቀዙን ቀጠለ። በወትሮው 100 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚሠራ አንድ የሙቀት መለዋወጫ (ሙቀት ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው የሚያሻግር ዕቃ) ከዜሮ በታች 48 ዲግሪ ደረሰ። ላዩ ላይ በረዶ ጋገረ። ለእንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ያልተሠራ ብረት ጠባዩ ይለወጣል። መለጠጥና መታጠፍ ይቀርና እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ሠራተኞቹ በስንት ድካም ፓምፑን አስነስተው ሙቅ ዘይቱን ሲለቁበት ተሰበረ። የወጣው ጋዝ እሳት አገኘ። 2 ሰዎች ሞቱ፣ 8 ቆሰሉ። እሳቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ከሁለት ቀን በላይ ፈጀ። ግዛቱ ለሁለት ሳምንት ያህል ጋዝ አጣ።

ኩባንያው መጀመሪያ ጣቱን የቀሰረው ወደ ሠራተኞቹ ነው። ሠልጥነዋል፣ ማወቅ ነበረባቸው የሚል ክርክር ይዞ ቀረበ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ግን አልተቀበለውም። በዕለቱ ከቦታው ከነበሩት መካከል፣ ኦፕሬተርም ሆነ ሱፐርቫይዘር፣ በቀዘቀዘ ብረት ላይ ሙቅ ዘይት መልቀቅ ምን እንደሚያመጣ የሚያውቅ አልነበረም። የሚሠሩበት መመሪያም ይህን አይነግራቸውም።

ለምን አላወቁም? መልሱ ያለው ከፋብሪካው ግቢ ውጭ ነው። በ1992 መሐንዲሶቹ ከሎንግፎርድ ተነስተው ሜልበርን ወዳለው ቢሮ ተዛውረዋል። ስለዚህ ነገሩ ግራ ሲያጋባ ዞር ብሎ የሚጠየቅ መሐንዲስ ከጎን አልነበረም። በዘርፉ ሃዞፕ የሚባል ጥናት አለ። እያንዳንዱን ቧንቧና ዕቃ ይዞ «እዚህ ቢቀዘቅዝስ? ፍሰቱ ቢቋረጥስ? ግፊቱ ቢጨምርስ?» እያለ የሚፈትሽ ነው። አደጋው የደረሰበት የፋብሪካው ክፍል ይህ ጥናት ታቅዶለት ሳይሠራለት ቀረ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር አላርም ስለሚጮህ ኦፕሬተሮቹ ከጩኸቱ ጋር መሥራት ለምደው ነበር። አደጋው ሊደርስ አንድ ወር ገደማ ሲቀረውም እዚያው ፋብሪካ ያልተለመደ ቅዝቃዜ አጋጥሞ ነበር። ሰው ስላልተጎዳ ሪፖርት አልተደረገም።

አሁን የጸሐፊውን መፍትሔ እዚህ ላይ እናምጣው። ሥልጠና? ምን ላይ? አደጋውን ማንም አጥንቶ ስላልጻፈው አሠልጣኙም አያውቀውም። ቅጣት? ማን ይቀጣ? ለሰዓታት ፋብሪካውን ለማዳን የለፉት ሰዎች? መሐንዲሶችን ማዛወር፣ ጥናትን ማዘግየት፣ ምን ሪፖርት ይደረግ ምን ይቅር ብሎ መወሰን፣ ከእነዚህ አንዱም የኦፕሬተር ውሳኔ አይደለም። በ2001 ፍርድ ቤት የ2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት የጣለው በኩባንያው ላይ ነው።

እርግጥ ሆን ብሎ ሕግ የሚጥስ ሰው አለ። የተዘጋ ቁልፍ ሰብሮ የሚገባ፣ ጋዝ ባለበት ሲጋራ የሚለኩስ። እሱ ይጠየቅ። አብዛኛው «አቋራጭ» ግን አለቃ የሚያውቀው፣ ሥራው ቶሎ ሲያልቅ የሚመሰገንበት፣ ነገሩ ሲበላሽ ብቻ «ጥሰት» የሚባል ነው። ለዚህ ሰውን መቅጣት አንድ ውጤት ብቻ አለው፦ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይናገርም። ከባድ አደጋን መከላከል ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚቆመው በሚነገር ነገር ላይ ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ጉዳት ሳይደርስ የተቆጠሩት ቀናት ናቸው። በር ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰሌዳው የሚቆጥረው መውደቅን፣ ጣት መቆረጥን፣ ዓይን ውስጥ ብናኝ መግባትን ነው። እነዚህ መቀነሳቸው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጓንትና ሄልሜት የሚያስቀሩት አደጋና ፋብሪካውን ከነሰዉ የሚያወድመው አደጋ ምንጫቸው ለየቅል ነው። የፊተኛው ከሰው እንቅስቃሴ ይመጣል። የኋለኛው የሚመጣው ከግፊት፣ ከሙቀት፣ ከዝገት፣ ተዘግቶ ከተረሳ ቫልቭ፣ የተሳሳተ ቁጥር ከሚያሳይ መለኪያ ነው። የፊተኛው በየወሩ ራሱን ያሳያል። የኋለኛው ለዓመታት ድምፁን ሳያሰማ ሊቆይ ይችላል።

ማርች 23 ቀን 2005 አሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ውስጥ በነበረው የቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ 15 ሰዎች ሞቱ፣ 180 ሰዎች ተጎዱ። አንድ ረጅም ማማ ከልክ በላይ በፈሳሽ ሲሞላ መለኪያው ትክክለኛውን ከፍታ አላሳየም። የሞቱት በሙሉ የኮንትራክተር ሠራተኞች ነበሩ፣ በአቅራቢያው በቆሙ ጊዜያዊ ቢሮዎች ውስጥና ዙሪያ የነበሩ። ከዚያ በኋላ በቀድሞው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር የተመራ ቡድን የኩባንያውን አሠራር መረመረ። በ2007 ባወጣው ሪፖርት የደረሰበት ድምዳሜ ለጸሐፊው ቀጥተኛ መልስ ነው። ኩባንያው ዝቅተኛ የአካል ጉዳት ቁጥሩን የፋብሪካዎቹ ደህንነት ማረጋገጫ አድርጎ ወስዶ ነበር። ቁጥሩ ስለ ፍንዳታ አደጋ የሚናገረው ነገር ግን አልነበረም። ሌላም አለ። ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የባሕር ላይ መቆፈሪያ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ዕለት ኃላፊዎች እዚያው ተገኝተው ነበር። መሣሪያው ሠራተኛ ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ሳይደርስበት 7 ዓመት በማስቆጠሩ ምስጋና ይቀርብ ነበር።

እንግዲህ ምን ይቆጠር? ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ይመስለኛል። የምርመራ ቀናቸው ያለፈባቸው የግፊት ዕቃዎችና ቧንቧዎች ስንት ናቸው? ባይፓስ የተደረጉ፣ ማለትም እንዳይሠሩ የታለፉ፣ የአደጋ ጊዜ ማስቆሚያ ሥርዓቶች ስንት ናቸው፣ ከመቼ ጀምሮ? በአንድ ሺፍት ውስጥ አንድ ኦፕሬተር ስንት አላርም ይቀበላል? በክላምፕ (በብረት ማሰሪያ) ታስረው «ለጊዜው» የተባሉ ፍሳሾች ስንት ወር ሆናቸው? ካለፈው ምርመራ የተሰጡ ምክሮች ስንቶቹ አልተፈጸሙም? በተለይ ሰው ያልተጎዳባቸው ትናንሽ የጋዝ ፍሳሾች መቆጠር አለባቸው። ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲቀላቀል ይቀጣጠላል። ዛሬ ነፋስ በትኖት ያለፈ ፍሳሽ፣ አየር በማይንቀሳቀስበት የኮምፕረሰር (የጋዝ መጭመቂያ ማሽን) ቤት ውስጥ ቢሆን ሌላ ታሪክ ይኖረው ነበር። የአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት በ2010 ይህን ዓይነት ነገር በ4 ደረጃ ከፍሎ የሚቆጥር መመዘኛ አውጥቷል። የአካል ጉዳት ሰሌዳው ይቀጥል። ብቻውን ግን አይሰቀል። የመሪዎች ቦነስም ከእሱ ጋር ብቻ አይታሰር፣ ምክንያቱም ሰው በቦነስ የተያዘ ቁጥርን ከማሻሻል ይልቅ ወደ መደበቅ ያዘነብላል።

ሰርተፊኬትና ኦዲት ላይ ብዙ አልቆይም። አደጋው ከመድረሱ 6 ወር ገደማ በፊት የኤሶ እናት ኩባንያ በሎንግፎርድ የደህንነት አስተዳደር ሥርዓቱን ኦዲት አድርጎ ነበር። ሥርዓቱ በደንብ የታወቀና ሥራ ላይ የዋለ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ኦዲት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ወረቀቱ መኖሩን ብቻ የሚጠይቅ ኦዲት ግን፣ ወረቀቱ የሚለው ነገር ሜዳ ላይ መደረጉን አያይም። አንድ ኦዲት ምንም ከባድ ችግር አላገኘሁም ብሎ ሲመለስ መሪው መደሰት ሳይሆን ምን ሳያይ እንደቀረ መጠየቅ አለበት።

መሪ ግቢ ውስጥ ይታይ የሚለው ላይ እስማማለሁ። ከቢሮ የማይወጣ ኃላፊ ፋብሪካውን የሚያውቀው በሪፖርት ነው፣ ሪፖርት ደግሞ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየተለሰለሰ ይሄዳል። ግን መታየት ብቻውን ምን ይጠቅማል? ጸሐፊው የዘረዘሩት ጉብኝት ሄልሜት ማረጋገጥ፣ እጅ መጨባበጥና አበረታች ንግግር ነው። እንዲህ ያለ ጉብኝት ሲመጣ ከአንድ ቀን በፊት ግቢው ይጠረጋል፣ ቀለም ይቀባል። መሪው የተጠረገ ግቢ አይቶ ይመለሳል።

መሪ ሳይነገር ይሂድ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሂድ፣ ሺፍት ርክክብ ሲደረግ ይቁምና ያዳምጥ። የሥራ ፈቃዶቹን፣ ማለትም አንድ የጥገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚሞሉትን ወረቀቶች፣ መዝገብ ያስመጣና አንዱን ፈቃድ ይዞ ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ይውረድ። ወረቀቱ ላይ ተዘግቷል የተባለው ቫልቭ በእርግጥ ተዘግቷል? ተቆልፏል? ከዚያ ኦፕሬተሩን «እዚህ ፋብሪካ ውስጥ በጣም የሚያስፈራህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይበል። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ አለቆች መናገር ለምደዋል። አንድ ሰው ደፍሮ «ያኛው ቫልቭ በደንብ አይዘጋም» ሲል የመሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ነው ያበላሸው?» ከሆነ፣ ሌላ ሰው ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። «ከመቼ ጀምሮ? እስኪጠገን በምን እየሠራችሁ ነው?» ካለ ግን ሌሎቹም ይቀጥላሉ።

ከጉብኝቱም በላይ ግን ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ቦታ አለ፦ የበጀት ስብሰባ። እኔ የደህንነት አመራር ሲባል በመጀመሪያ የማስበው እዚያ ነው። ቴክሳስ ሲቲ ውስጥ ከአደጋው ዓመታት በፊት ቋሚ ወጪ በ25 በመቶ እንዲቀነስ ከላይ ታዝዞ ነበር። በአደጋው ቀን መቆጣጠሪያው ላይ የነበረው ኦፕሬተር በቀን 12 ሰዓት፣ ለ29 ተከታታይ ቀናት ያለ ዕረፍት ሠርቷል። ይህን ሰው ማነቃቂያ ንግግር አይረዳውም። የሚረዳው ተተኪ ሰው መቅጠር ነው፣ እሱ ደግሞ የሚወሰነው በጀት ላይ ነው። በብሪታንያ መንግሥት፣ ኢንዱስትሪና የሠራተኛ ማኅበራት በጋራ በ2009 ያወጡት የአመራር መርህ፣ በኩባንያው ቦርድ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው የዚህን ዓይነት አደጋ ሙያ ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆን አለበት ይላል። ወጪ ቅነሳ ሲቀርብ «ይህ የትኛውን መከላከያ ያሳጣናል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ካልተቀመጠ፣ ጥያቄው አይጠየቅም።

ወደ መብረቁ ልምጣ። ከባድ ፍንዳታ አይተነበይም ይላሉ። ቀኑና ሰዓቱ አይተነበይም፣ እውነት ነው። የሚመጣበት መንገድ ግን ሲበዛ የታወቀ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ልውሰድ፦ ሴፍቲ ቫልቭ። ግፊት ከልክ ሲያልፍ ራሱን ከፍቶ የሚያስተነፍሰው ነው።

ጁላይ 6 ቀን 1988፣ ሰሜን ባሕር ላይ ፓይፐር አልፋ የተባለ የነዳጅና ጋዝ ማምረቻ መድረክ። የአንድ ፓምፕ ሴፍቲ ቫልቭ ለፍተሻ ተነስቶ ቦታው በክዳን ብቻ ተዘግቷል። ፓምፑና ቫልቩ ሁለት የተለያየ የሥራ ፈቃድ ነበራቸው። የሌሊቱ ሺፍት ስለ ቫልቩ አልተነገረውም። ሌላኛው ፓምፕ ሲቆም ይኸኛውን አስነሱት። በክዳኑ በኩል ያመለጠው ጋዝ ፈነዳ። 167 ሰዎች ሞቱ። ጁን 13 ቀን 2013፣ ሉዊዚያና ውስጥ ጋይስማር በተባለ ቦታ የዊሊያምስ ፋብሪካ። ተጠባባቂ የነበረ ማሞቂያ ዕቃ በተዘጋ ቫልቭ ምክንያት ከሴፍቲ ቫልቩ ተለይቶ ነበር። ውስጡ ፕሮፔን እንዳለ ሙቅ ውሃ ተለቀቀበት። በደቂቃዎች ውስጥ ፈነዳ፣ 2 ሰዎች ሞቱ፣ 167 ተጎዱ። ያ ቫልቭ ከ12 ዓመት በፊት ለጥገና እንዲመች ተብሎ የተገጠመ ነው። ጁን 8 ቀን 2022፣ ቴክሳስ ውስጥ የፍሪፖርት ፈሳሽ ጋዝ ፋብሪካ። ሴፍቲ ቫልቩ ከተፈተሸ በኋላ መንገዱ ሳይከፈት ቀረ። ቧንቧው ውስጥ የታሰረው ፈሳሽ ጋዝ ቀስ እያለ ሞቀ፣ ግፊቱ መውጫ አጣ፣ ቧንቧው ፈነዳ። ሰው አልተጎዳም፣ ፋብሪካው ግን ለ8 ወር ያህል ጋዝ መላክ አልቻለም።

34 ዓመት፣ ሦስት ቦታ፣ አንድ ዓይነት ጥፋት። ይህ መብረቅ አይደለም። የትኛውም የጋዝ ፋብሪካ ኃላፊ በዚህ ሳምንት ውስጥ ሊያጣራው የሚችል ነገር ነው፦ በግቢው ያለ እያንዳንዱ የታሰረ ፈሳሽ ወይም ጋዝ ወደ ሴፍቲ ቫልቭ የሚያደርስ ክፍት መንገድ አለው ወይስ የለውም? በመንገዱ ላይ ቫልቭ ካለ፣ ክፍት እንደሆነ ተቆልፏል ወይ? ቁልፉ ማን ጋ ነው? አደጋው አይተነበይም የሚል መሪ ይህን ዝርዝር አያስመጣም፤ የጸሐፊው ምክር የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ማቆም ነው። ፋብሪካ ማቆም ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፣ ስለዚህ የሺፍት ሰው በራሱ አይወስን፣ የበላዩን ያስፈቅድ ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ሰው ያስገድላል ያልኩት ይህን ነው።

እንደገና ወደ ፓይፐር አልፋ ልመለስ። መድረኩ ሲቃጠል ታርታንና ክሌይሞር ከሚባሉ ሁለት ሌሎች መድረኮች ጋር በቧንቧ የተያያዘ ነበር። ክሌይሞር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው ያለው። አደጋ መድረሱን በሬዲዮ ሰምተዋል። ሆኖም ሁለቱም ምርታቸውን ወዲያው አላቆሙም። ክሌይሞር ላይ አንድ የበታች ኃላፊ ይቁም እያለ ቢወተውትም፣ የበላዩ ከባሕር ዳርቻው ቢሮ ጋር እስኪነጋገር ዘይት መግፋቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀጠለ። የመጀመሪያው ፍንዳታ በደረሰ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከታርታን የሚመጣው የጋዝ ቧንቧ ፈነዳ፣ ከዚያ በኋላ እሳቱን ማንም ሊቋቋመው አልቻለም። አደጋውን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ከለን በ1990 ባወጡት ሪፖርት 106 ምክረ ሐሳቦችን አቀረቡ። ሁሉም ተቀባይነት አገኙ።

ፈቃድ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል። ጋዝ ሲያመልጥ የሚኖረው ጊዜ ደቂቃ ነው። ስልኩ የማይነሳበት ሌሊት አለ። ስልኩ ቢነሳም ከሩቅ ያለው ኃላፊ የሚያየው ነገር የለም፣ የሚሰማው የሌላውን ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥልጣኑ ማየት የሚችለው ሰው እጅ ውስጥ መሆን አለበት። ይህ በንግግር አይበቃም፣ መጻፍ አለበት። በየትኛው ግፊት፣ በየትኛው ሙቀት፣ በምን ያህል የጋዝ መመርመሪያ ንባብ ላይ ኦፕሬተሩ ማንንም ሳይጠይቅ እንደሚያቆም በቁጥር ይቀመጥ። ከቁጥሩ በታችም ቢሆን ያልገባው ነገር ካየ ማቆም እንደሚችል ይጻፍ። ከዚያ አንድ ሰው አቁሞ በኋላ ምንም ችግር እንዳልነበረ ሲታወቅ፣ መሪው በሁሉም ፊት ያመስግነው። የጠፋውን ምርት የሚያስታውሰው ሰው አይኑር። ያን ቀን መሪው ፊቱን ካጨማደደ የተጻፈው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አስተካክለው ዳግም የሚያወጡት ከሆነ፣ ከስድስቱ ነጥቦች መጀመሪያ ይህን እንዲሰርዙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በሌሎቹ ላይ ተከራክረን እንቆይ፣ ደስ ይለኛል። ይኸኛውን ግን ዛሬ ማታ ሺፍት የሚገባ ሰው አንብቦት ሊሆን ይችላል።